የዋልታ በረዶ ቢቀልጥ ጣና ይሞላል?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በአጭሩ ኮፕ 32 የሚባለውን፣ በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ መመረጧ ከተሰማ ወዲህ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስሉ የነበሩ ርዕሶች በእኛም ዘንድ መነሳት ጀምረዋል። አንዱ በሰሜንና በደቡብ ዋልታ የተከማቸው በረዶ መቅለጥና የባሕር ጠለል መጨመር ነው። ነገሩ ባሕር ዳር ላይ ሲነሳ ግን ጥያቄው ወዲያው መልኩን ይለውጣል፦ ባሕር ከጨመረ ጣናስ? በክረምት መውጫ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዳር ሲጠጋ፣ የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት፣ ይህንኑ ከዋልታው መቅለጥ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አይጠፉም።

አጭሩ መልስ «አይሞላም» ነው። ረጅሙ መልስ ግን ከዚህ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም የሩቁ በረዶ ጣናን ከዚህ ቀደም ሳይነካው እንዳልቀረ የሚያመለክት ማስረጃ ከሐይቁ ወለል ሥር ተገኝቷል፣ ማስረጃው የሚናገረውም ስለ ድርቀት ነው።

«ባሕር» እና «በረዶ»

ግርታው በከፊል ከቋንቋችን ይመነጫል። የከተማዋ ስም ራሱ ሐይቁን ባሕር ይለዋል፤ የዳሩ ነዋሪም ጣናን ባሕር ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ይሁንና ከአንደኛ ደረጃ የትምህርት መጽሐፍ ጀምሮ የምናውቃት «ከባሕር ጠለል በላይ» የምትለው ሐረግ የምታመለክተው ውቅያኖሱን ነው። የጣና ወለል ከዚያ ልክ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። የግሪንላንድ በረዶ እንዳለ ቢቀልጥ የዓለምን ውቅያኖስ በ7.4 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው ደግሞ በ58 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጉታል፤ በድምሩ ወደ 65 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ክፍለ ዘመን ይሆናል ብሎ የሚገምት ሳይንቲስት የሌለው ይህ ሁሉ ቢደርስ እንኳ፣ ባሕሩ ከጣና በታች ከ1,700 ሜትር በላይ ይቀረዋል። ፎገራን የሚያጥለቀልቀው ውሃ የሚመጣው ከርብና ከጉማራ፣ ደንቢያን የሚያጥለቀልቀው ከመገጭ ነው፤ የሁሉም ምንጭ በተፋሰሱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው።

«በረዶ» የሚለው ቃልም ብዙ ተሸክሟል። በሐምሌ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም፣ በሰሜን ተራሮች ራስ ላይ አልፎ አልፎ የሚነጣውም በአንድ ስም ይጠራል። ለዋልታው ጉዳይ ግን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን መለየት ግድ ይላል። የመጀመሪያው የበረዶ ንጣፍ ነው፤ ይህ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲከማች ኖሮ አንድን አህጉር ወይም ታላቅ ደሴት የሸፈነ፣ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ባሕር የሚፈስ በረዶ ነው። ሁለተኛው የባሕር በረዶ ነው፤ የውቅያኖሱ ውሃ ራሱ በክረምት ረግቶ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው። ሦስተኛው በእንግሊዝኛው አይስ ሼልፍ የሚባለው፣ ንጣፉ ባሕሩ ላይ ደርሶ ከየብሱ ሳይለይ የሚንሳፈፍበት ክፍል ነው። ከቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራውን መደብ ስለሚመስል በዚህ ጽሑፍ የበረዶ መደብ እንለዋለን።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ጣና ላይ የተንሳፈፈ የደንገል ታንኳ የሚይዘውን ቦታ አስቀድሞ ከውሃው ወስዷል፤ ከዳር ወደ ዳር ቢቀዝፉት የሐይቁ ልክ አይለወጥም። ከዳር ላይ አዲስ ጭነት ሲጫንበት ግን ታንኳው ይሰምጣል፣ ውሃውም በዚያው መጠን፣ ለዓይን ባይታይም፣ ከፍ ይላል። ተንሳፋፊ የሆኑት የባሕር በረዶና የበረዶ መደብ ሲቀልጡ የባሕሩን ጠለል እምብዛም አይለውጡትም። የሚለውጠው በየብስ ላይ ተቀምጦ የቆየው ንጣፍ ወደ ባሕር ሲገባ ነው።

በጣና ሲለካ

የዋልታው መጠን የሚነገረው በጊጋቶን፣ ማለትም በቢሊዮን ቶን ስለሆነ ለጆሮ እንጂ ለዓይን አይደርስም። ጣና ለዚህ ጥሩ መስፈሪያ ነው። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ9 ሜትር ብዙ የማይርቅ በመሆኑ የሚይዘው ውሃ 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይገመታል፤ ይህም 28 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተላኩትና ግሬስ የሚባሉት መንትያ ሳተላይቶች፣ ከ2018 ጀምሮም ተተኪዎቻቸው፣ የምድርን የስበት ኃይል እየለኩ ባቀረቡት መረጃ መሠረት ግሪንላንድ በዓመት በአማካይ 270 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ በረዶ አጥታለች። ይህ ከዘጠኝ ጣና ይበልጣል። የአንታርክቲካው የግማሹ ያህል፣ ወደ አምስት ጣና ነው። ውቅያኖሱ ግን ሰፊ ነው፤ መላውን የዓለም ባሕር በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ለማድረግ 360 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ ማለትም አሥራ ሦስት ጣና ያህል ያስፈልጋል።

እስካሁን የታየው ጭማሪ በአብዛኛው የዋልታ ሥራ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የበይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል፣ አይፒሲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት የባሕር ጠለል ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል። ከ1971 ወዲህ ከታየው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ብቻ የመጣ ሲሆን፣ የተራራ የበረዶ ግግሮች አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ሁለቱ ንጣፎችም በአንድ ላይ ሌላ አንድ አምስተኛ ገደማ ድርሻ አላቸው። ታዲያ ሳይንቲስቶች ለምን ስለ ንጣፎቹ አብዝተው ይጨነቃሉ? የውሃ መስፋት በደንብ የታወቀ ፊዚክስ ነው፤ የወደፊት ልኩ ብዙም አያከራክርም። የንጣፎቹ ግን ያከራክራል።

መደቡ ሲፈርስ

የክርክሩ ማዕከል በምዕራብ አንታርክቲካ የሚገኘው ትዌይትስ የተባለ የበረዶ ግግር ነው። ግንባሩ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የዓለምን ባሕር በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። አሜሪካና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀ የጋራ የምርምር ዘመቻ ያካሄዱበትም ለዚህ ነው።

የትዌይትስ ችግር የተቀመጠበት መሬት ነው። ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች ከመሆኑም በላይ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየጎደጎደ ይሄዳል። በረዶው ከመሬት ለቆ መንሳፈፍ የሚጀምርበት መስመር በሞቃት የጥልቅ ባሕር ውሃ ከሥር እየተበላ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ የሚያርፈው ይበልጥ ጥልቅ በሆነ ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ በረዶው የበለጠ ወፍራም ነው፣ ወፍራም በረዶ ደግሞ ፈጥኖ ይፈስሳል፤ ፈጥኖ ሲፈስስ ይሳሳል፣ ሲሳሳም መስመሩ እንደገና ይሸሻል። ይህ የባሕር ወለል ንጣፍ አለመረጋጋት የሚባለው ሐሳብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነው።

መደቡ እዚህ ላይ ነው ሚና የሚኖረው። ተንሳፋፊ ስለሆነ የእርሱ መቅለጥ ባሕሩን ባይጨምርም፣ ከኋላው ያለውን በረዶ እንደ ባላ ደግፎ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንታርክቲክ ልሳነ ምድር ላርሰን ቢ የተባለው፣ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ማለትም ከጣና ጥቂት የሚበልጥ መደብ በሳምንታት ውስጥ ተሰባብሮ ሲጠፋ፣ ከኋላው የነበሩት ግግሮች ፍጥነታቸውን ጨምረው ወደ ባሕር ወርደዋል።

ሃያ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ጥያቄ ፊት

የሒሳብ ሞዴሎች ይህን ሂደት በበቂ መጠን መያዝ ሲያቅታቸው፣ ሳይንቲስቶች ወደ ሌላ ዘዴ ዞሩ፤ የሚያውቁትን ሰዎች ሰብስቦ በሥርዓት መጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ2018 በጆናታን ባምበር መሪነት በአሜሪካና በብሪታንያ በተካሄዱ ሁለት ስብሰባዎች 22 የበረዶ ንጣፍ ተመራማሪዎች ተሰበሰቡ፤ ውጤቱም በተከታዩ ዓመት ታተመ። ስለ ዋልታ በረዶ በየዜናው የሚጠቀሰው «ሁለት ሜትር» የተባለ ቁጥር ከዚህ ጥናት ጋር የተያያዘ በመሆኑ እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ይበጃል።

የሽማግሌ ሸንጎን የሚያስብ ሰው ተሰብሳቢዎቹ ተከራክረው፣ ተቻችለው፣ በመጨረሻም በአማካይ የተስማሙ ይመስለው ይሆናል። የተሠራበት ዘዴ ግን ሮጀር ኩክ የተባለው የሒሳብ ባለሙያ የቀመረው ነው፤ አስኳሉም የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ክብደት በዝናው ወይም በዕድሜው አለመመዘን ነው። ባለሙያዎቹ ከዋናው ጥያቄ በፊት መልሳቸው በጥናቱ መሪዎች እጅ ያለ፣ በቃል ግን ሊታወስ የማይችል የመፈተኛ ጥያቄዎች ይቀርቡላቸዋል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ቁጥር ይሰጣሉ፦ እውነቱ ከዚህ በታች የመሆን ዕድሉ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚሉትን፣ መካከለኛውን፣ እንዲሁም ከዚህ በላይ የመሆን ዕድሉ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚሉትን። በራሱ ከልክ በላይ የሚተማመን ሰው ክልሉን ያጠብበዋል፤ ስለዚህ እውነቱ ደጋግሞ ከክልሉ ውጪ ይወድቅበታል፣ ሚዛኑም ይቀላል። ከአንድ እስከ ሺህ ብሎ የሚመልስ ፈሪም ምንም ስላልነገረ እንዲሁ ይቀላል። ሚዛን የሚደፋው የዕውቀቱን ዳርቻ በትክክል የሚያውቅ ሰው ነው።

በዚህ መንገድ የተገኘው ውጤት፣ ዓለም እስከ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የምትሞቅ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2100 የባሕር ጠለል ጭማሪ ከሁለት ሜትር የመብለጥ ዕድሉ 5 በመቶ ገደማ ነው የሚል ነበር። ዜናው አገር ለአገር ሲዞር ግን 5 በመቶውም 5 ዲግሪውም ወድቆ «ባሕር በሁለት ሜትር ይጨምራል» ሆኖ ቀረ። ከሃያ አንድ ጊዜ የሚደርስ አደጋ እንደ እርግጥ ትንቢት መነገሩ ስህተት ነው፤ ትንቢቱ ስላልሆነ ጉዳዩ የለም ማለትም የዚያኑ ያህል ስህተት ነው፣ መቶ ዓመት እንዲቆይ ወደብ የሚሠራ መሐንዲስ ከሃያ አንድን ቸል ብሎ አያልፍምና።

ባለሙያዎቹ የሚለያዩበት

አይፒሲሲ በ2021 ሪፖርቱ የተጠነቀቀ መንገድ ይዟል። ዓለምን የሚያሞቁ ጋዞች ልቀት በእጅጉ ከቀነሰ የ2100 ጭማሪ ከ28 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር፣ ልቀት እጅግ ከፍ ካለ ከ63 እስከ 101 ሴንቲ ሜትር ሊሆን እንደሚችል ገምቶ፣ የንጣፎቹ ጠባይ በሚገባ ስላልታወቀ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ጭማሪም ከነጭራሹ ሊወገድ እንደማይችል ለይቶ አስፍሯል። ይህን አቀማመጥ ከሁለቱም ወገን የሚነቅፉት አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሮበርት ዴኮንቶና ዴቪድ ፖላርድ ያሳተሙት ጥናት፣ ደጋፊ መደባቸውን ያጡ ረጃጅም የበረዶ ገደሎች በራሳቸው ክብደት እየተናዱ ስለሚሄዱ አንታርክቲካ ብቻዋን በ2100 ከአንድ ሜትር በላይ ልትጨምር ትችላለች የሚል ነበር። ራሳቸው ተመራማሪዎቹ በ2021 በተሻሻለ ሞዴል ግምቱን ዝቅ አድርገውታል። በ2024 በማትዩ ሞርሊጌም የተመራ ቡድን ደግሞ ሦስት ሞዴሎችን አወዳድሮ፣ ይህ ዓይነቱ የገደል መናድ ትዌይትስን በዚህ ክፍለ ዘመን የማጥቃት ዕድሉ የተፈራውን ያህል እንዳልሆነ ደምድሟል፤ የግግሩ መሸሽ በሌሎቹ ምክንያቶች መቀጠሉን ግን አልካደም። በሌላ በኩል በክሪስ ስቶክስ መሪነት በ2025 የወጣው ጥናት፣ መንግሥታት በፓሪስ ስምምነት የያዙት የ1.5 ዲግሪ ገደብ ራሱ ለንጣፎቹ ከፍተኛ ነው፣ ደኅንነታቸው የሚጠበቀው ወደ 1 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ነው ይላል። የሞርሊጌምና የስቶክስ ጥናቶች ሲታዩ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በአብዛኛው ግን የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። አንደኛው ስለ መጪዎቹ ሰባና ሰማንያ ዓመታት ፍጥነት ይናገራል፣ ሁለተኛው አንዴ የተጀመረ መቅለጥ በክፍለ ዘመናት ውስጥ የት ይደርሳል ይላል።

ከባሕር ለራቀ አገር

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዷ በጅቡቲ ያልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር አለ። የበረዶ ንጣፍ ከክብደቱ የተነሳ በዙሪያው ያለውን ባሕር ወደ ራሱ ይስባል፤ ሲቀልጥ ስበቱ ስለሚላላ በአጠገቡ ያለው ባሕር ዝቅ ይላል፣ የለቀቀው ውሃም ወደ ሩቅ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ከግሪንላንድ የሚወጣው ውሃ በግሪንላንድ ዳርቻ ጠለሉን ሲቀንስ፣ በሐሩር ክልል ያሉ ወደቦች ከዓለም አማካይ በጥቂቱ የሚበልጥ ድርሻ ይደርሳቸዋል።

ሌላው ከጣና ጋር ይበልጥ የተሳሰረ ነው። የናይል ደልታ የተሠራው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ በዓባይና በአትባራ በወረደ አፈር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ያ ደለል ግድቡ ኋላ ይቀራል። ደልታው በተፈጥሮው ስለሚሰጥም የሚተካለት አፈር ካላገኘ ከላይ ባሕር ይጨምርበታል፣ ከሥር መሬቱ ይወርድበታል። በዓባይ ውሃ ላይ በሚደረገው ድርድር የግብፅ ሥጋት ሲመዘን ይህ አብሮ ቢታይ ነገሩን የተሟላ ያደርገዋል።

እምቦጭ ሐይቁን እየወረረ፣ ደለል ዳርቻውን እየሞላ ስለ አንታርክቲካ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ክርክር በጣና ዳር ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። የጣና ውሃ ልክ የሚወሰነው በዝናብ፣ በትነት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጠናቀቀው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በሮች፣ ከ2010 ወዲህም ወደ ጣና በለስ ማመንጫ በሚሄደው ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ እጅግ ዝቅ ብሎ የጀልባ ጉዞ እስኪስተጓጎል ሲደርስ፣ ምክንያቱ የዝናብ ማነስና ለኃይል ማመንጫ ተብሎ የተለቀቀው ውሃ ድምር ነበር። የዚህን ጥፋት ለዋልታ መስጠት ከኃላፊነት መሸሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚነሳው ግን «ዝናብ» ከምትለዋ ቃል ነው።

ከጣና ወለል ሥር ያለው ደንገል

እ.ኤ.አ. በ2007 በሄንሪ ላምብ የተመራና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር የተሳተፈበት ቡድን ከጣና ወለል በድምፅ ሞገድ የተነሳ ምስልና በቱቦ የወጣ ጭቃ አጥንቶ ያሳተመው ውጤት አስገራሚ ነው። ከለስላሳው ደለል ሥር፣ በዳር በኩል፣ ደርቆ የጠነከረ የአፈር ንብርብር አለ፤ በዚያ ላይም ወንዞች የቆረጧቸው ቦዮች ይታያሉ። ሐይቁ ዛሬ እጅግ በሚጠልቅበት ቦታ ደግሞ ከጭቃው ሥር የበሰበሰ እፅዋት ክምችት ተገኝቷል፤ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመታት በፊት በዚያ ቦታ የነበረው የደንገል ረግረግ ነበር። ከዚያ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ውሃው ዳግም ሲመለስ መውጫ ስላልነበረው በትነት ጥቂት ጨው ጨው ብሎ ቆየ፤ ከ14,750 ዓመታት ገደማ በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፣ ጨውነቱም በዚያው አበቃ። ዓባይ ከጣና የማይወጣበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

ያ ዘመን ከሰሜን አሜሪካው ታላቅ የበረዶ ንጣፍ የተገመሱ ተራራ አከል በረዶዎች በገፍ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ከገቡበት፣ ተመራማሪዎች ቀዳማዊ ሃይንሪክ ከሚሉት ክስተት ጋር ይገጥማል። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ነበር። ግንኙነቱ እንዲህ ይገለጻል፦ ከበረዶው የወጣው ጨው አልባ ውሃ ቀላል ስለሆነ የሰሜን አትላንቲክ ውሃ እንደ ወትሮው ወደ ጥልቁ እንዳይሰጥም ያግደዋል፤ ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያጓጉዘው የውቅያኖስ ዝውውር ይዳከማል፤ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሲቀዘቅዝ ምድርን የከበበው የሐሩር የዝናብ መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል። የእኛ ክረምት ደግሞ ያ መቀነት ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን በመውጣቱ የሚገኝ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ዋናውን ሚና ተጫውቷል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ሊሠሩ እንደሚችሉም ይታመናል።

ያለፈውን ወደ ወደፊቱ እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። ያ የአሜሪካ ንጣፍ ዛሬ የለም፤ ዓለምም ያኔ ቀዝቃዛ ነበረች። አይፒሲሲ የአትላንቲኩ ዝውውር በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ እንደማይቀር እየገመተ፣ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል ብሎ አይጠብቅም፤ በዚህ ላይ ያለውን መተማመንም መካከለኛ ብሎ ነው የመደበው። ዝውውሩ ሲዳከም የክረምቱ ዝናብ ወደ መቀነስ ሲሳብ፣ የአየሩ መሞቅ ራሱ ደግሞ ተጨማሪ እርጥበት ስለሚሸከም ዝናቡን ወደ መጨመር ይስባል፤ ለዓባይ ተፋሰስ የተሠሩ ሞዴሎች ዝናቡ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለው ላይ የማይስማሙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው በጣና ጭቃ ውስጥ ከታላቁ ድርቀት በላይ ሁለት አነስተኛ የውሃ መጉደሎች ይነበባሉ፤ አንደኛው ከ12,000፣ ሁለተኛው ከ8,000 ዓመታት ገደማ በፊት። ሁለቱም ዘመናት ከሰሜን አሜሪካ የቀለጠ ውሃ ወደ አትላንቲክ ከገባባቸው ጊዜያት የሚቀራረቡ ናቸው። ይሁንና ተመራማሪዎቹ ዕድሜዎቹን ያስቀመጡት በጊዜያዊ ግምት ነበር፤ በጥቂት መቶ ዓመታት ወዲያ ወይም ወዲህ ቢገፉ ግጥሙ ይፈርሳል።